ከአውራ ዶሮ ላባ የሚሠራ ዓሣ

ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት ልጆቻችንን በምን እናሰማራቸው የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል። ቁርኣን ተቀርቶ፣ ቤተሰብ ታግዞ፣ ሶላት ተሰግዶ የሚተርፈው ሰዓት ብዙ ነው። ያ ሰዓት ባዶውን ከተተወ ደግሞ የሚሞላው አይጠፋም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው የእጅ ሥራ ለአብዛኛው አንባቢያችን እንግዳ እንደሚሆን እንገምታለን። ዋና ዋና ዕቃዎቹ የአውራ ዶሮ ላባ፣ ክርና መንጠቆ ናቸው። ሥራው ሲያልቅ በእጃችን የሚቀረው ከጣት የማይረዝም ሰው ሠራሽ ዓሣ ነው። ስሙ ስትሪመር ይባላል።

ዓሣ አጥማጅ በመንጠቆው ላይ ትል ወይም የሥጋ ቁራጭ ሰክቶ ውኃ ውስጥ እንደሚጥል ሁላችንም እናውቃለን። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ከዚህ ሌላ የቆየ ዘዴ አለ። መንጠቆው በላባ፣ በሱፍና በፀጉር ይሸፈንና ዓሣ የሚመገባቸውን በራሪ ነፍሳት እንዲመስል ይደረጋል፤ ይህንንም ‹‹ዝንብ›› ይሉታል። ዝንቡ በጣም ቀላል ስለሆነ በራሱ ክብደት ሊወረወር አይችልም፤ ወደ ውኃው የሚያደርሰው ከዘንጉ ጋር የተያያዘው ወፍራም ገመድ ክብደት ነው። ስትሪመር የዝንብ ቤተሰብ ይሁን እንጂ መልኩ የትንሽ ዓሣ ነው። ስሙንም ያገኘው ውኃ ውስጥ ሲጎተት ላባው እንደ ረጅምና ቀጭን ባንዲራ ወደ ኋላ ስለሚውለበለብ ነው። ትልቁ ዓሣ ትንሹን ያሳደደ መስሎት ይጎርሰዋል።

ላባን በመንጠቆ ላይ ማሰር የትናንት ፈጠራ አይደለም። በ200 ዓ.ል. ገደማ የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ኤሊያን፣ የመቄዶንያ ሰዎች አስትሬዎስ በተባለ ወንዝ ላይ ቀይ ሱፍ በመንጠቆ ላይ ጠምጥመው፣ ከአውራ ዶሮ አንገት ሥር የተነቀሉ ሰም የሚመስሉ ሁለት ላባዎች አስረው ዓሣ ያጠምዱ እንደነበር ጽፏል። ከ1,800 ዓመት በኋላ ዛሬም ሱፍ፣ ክርና የአውራ ዶሮ ላባ የዚህ ሥራ መሠረት መሆናቸው የሚያስደንቅ ነው።

የስትሪመርን ስም በሰፊው ካስተዋወቁት ሰዎች አንዷ የቤት እመቤት ነበረች። ካሪ ስቲቨንስ ትባላለች። ባለቤቷ በአሜሪካ ሜይን በተባለው ክፍለ ግዛት ለዓሣ አጥማጆች መንገድ መሪ ነበር፤ መኖሪያቸውም አፐር ዳም በሚባለው የግድብ ሥፍራ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1924 ካሪ በቤቷ ያሠረችውን ዝንብ ይዛ ወደ ግድቡ ወረደችና ክብደቱ 6 ፓውንድ ከ13 አውንስ፣ ማለትም 3 ኪሎ ያህል የሆነ ብሩክ ትራውት አወጣች። ፊልድ ኤንድ ስትሪም የተባለው መጽሔት በሚያዘጋጀው ውድድር ላይ ዓሣው ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ በኋላ ‹‹ይህን ያጠመደውን ለእኛም ሥሪልን›› የሚል ትእዛዝ ይጎርፍላት ጀመር። ግሬይ ጎስት የተባለው ሥራዋ እስከ ዛሬ በየአገሩ ይሠራል። ሥራዋንም እ.ኤ.አ. በ1953 ለሌላ ሰው እስክትሸጥ ድረስ ቀጠለችበት።

ከካሪ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ልብ ብለናል። የመጀመሪያው ሥራዋን ሁሉ የምትሠራው መንጠቆውን የሚጨብጥ መሣሪያ ሳትጠቀም በጣቶቿ ብቻ ይዛ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እያንዳንዱን ስትሪመር ስሟ በታተመበት ካርድ ላይ ሰክታ መሸጧ፣ የዝንቡንም ራስ ላይ በሌላ ቀለም ክር ቀለበት ማሰሯ ነው። ቀለበቱ ፊርማዋ ነበር። ገዢው ቢከፋው ወይም ደስ ቢለው የማን እጅ ሥራ እንደሆነ ያውቃል። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን።

‹‹ታዲያ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?›› የሚል አይጠፋም። አገራችን ውስጥ ትንንሽ ዓሣ እያሳደደ የሚበላ ዓሣ ሞልቷል። በጣና ሐይቅ በሳይንሱ ላቢዮባርበስ ከሚባሉት፣ ከሌላ ቦታ ከማይገኙት የዓሣ ዘሮች መካከል ስምንት የሚሆኑት ዋና ምግባቸው ሌላ ዓሣ ነው። በጫሞ ያለው ናይል ፐርችም እንደዚሁ ነው፤ አምባዛም ያገኘውን አይምርም። ከሁሉ በላይ ግን የባሌ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ትራውት የተባለው የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቀቀ። በዲንሾ አካባቢ በዌብና በሌሎቹም ወንዞች ውስጥ ዛሬም ይገኛል። ካሪ ስቲቨንስ በሜይን ያጠመደችው ዓሣ የእነዚህ የሩቅ ዘመድ መሆኑ ነው። ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ዝንባቸውን በሣጥን ይዘው ወደ ባሌ ሲወጡ፣ የዚያው አገር ወጣት የአውራ ዶሮውን ላባ ቆሻሻ ብሎ ይጥለዋል። (በብሔራዊ ፓርኩ ክልል ውስጥ ለማጥመድ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ መዘንጋት የለበትም።)

ሸሪዓው ምን ይላል?

የውኃ አደን የተፈቀደ መሆኑ በሱረቱል ማኢዳህ 96ኛ አንቀጽ ላይ የተገለጸ ስለሆነ በዚህ ላይ ብዙ አንልም። ጥያቄው የሚነሣው በዓላማው ነው። በተለይ በሌላው ዓለም ብዙ ሰዎች ዓሣውን የሚያጠምዱት ሊበሉት ሳይሆን ሊጫወቱበት ነው፤ አፉን በመንጠቆ ይወጉታል፣ እስኪደክም ይታገሉታል፣ ከዚያም ፎቶ አንሥተው ይለቁታል። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረዲየላሁ ዐንሁማ) ወፍ አቁመው ዒላማ ያደረጉ ወጣቶችን ባገኙ ጊዜ፣ ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ ያደረገን ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መራገማቸውን እንደነገሯቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ዓሣን ለመዝናናት ብቻ ማሠቃየት ወደዚህ የቀረበ ነውና እኛ በበኩላችን ልባችን አይቀበለውም። የሚያጠምድ ሊበላው ወይም ሊሸጠው ያጥምድ፤ ትንሹን፣ ለምግብ የማይሆነውን ደግሞ ሳያሠቃይ ቶሎ ይመልሰው። ዝርዝሩን በየአካባቢያችሁ ያሉ ዓሊሞችን ጠይቁ።

ሌላው የላባና የፀጉሩ ነገር ነው። በውጭ ገበያ የሚሸጠው ዕቃ ከየት እንደመጣ ብዙውን ጊዜ አይታወቅም፤ የአጋዘን ጭራ አለ፣ የጥንቸል ቆዳ አለ፣ የቀበሮ ፀጉርም አለ። በሻፊዒይ መዝሀብ ሳይታረድ የሞተ እንስሳ ላባና ፀጉር ነጃሳ ሲሆን በሐነፊይ መዝሀብ ግን ንጹሕ ነው። ከሐረር እስከ ባሌ፣ ከወሎ እስከ ጅማ ሁለቱም መዝሀቦች አገራችን ውስጥ አሉና ከልዩነቱ ለመውጣት ቀላሉ መንገድ ለራት ከታረደው አውራ ዶሮ ላባውን መውሰድ ነው። ይህ በሁሉም ዘንድ ንጹሕ ነው።

የዒደል አድሓ ፍየል ጭራ ፀጉርም ለዚህ ሥራ እጅግ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያሻል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ቆዳውን ጨምሮ የኡድሒያን ማንኛውንም ክፍል መሸጥ አይፈቅዱም። ስለዚህ ከኡድሒያ ፀጉር የተሠራውን ስትሪመር ለራስ መጠቀም ወይም ለወዳጅ መስጠት እንጂ ለገበያ አለማቅረብ ይሻላል። ለሽያጭ የታሰበው ከሌላ ጊዜ እርድ ይሠራ።

አንዳንድ ሰው ደግሞ የዓሣ ምስል መሥራቱስ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። የምንገልጸው ዓይነት ስትሪመር ዓይንም አፍም የለውም፤ ላባና ሱፍ በመንጠቆ ላይ ነው። በውጭ አገር የፕላስቲክ ዓይን የሚለጥፉበት አሉ። ዓይን ሳይኖረውም ያጠምዳልና የሚጠራጠር ሰው ይተወው።

አሠራሩ

ላባው ከታጠበ በኋላ ነው ሥራው የሚጀመረው። በሞቀ ውኃና በልብስ ሳሙና አጥቦ፣ አለቅልቆ፣ በጥላ ሥር በጨርቅ ላይ ማድረቅ ይገባል። በደንብ ሳይደርቅ በላስቲክ ውስጥ የታሰረ ላባ ይሸታል፤ ሳይታጠብ የተቀመጠውን ደግሞ ብል ይበላዋል። ከአንድ አውራ ዶሮ ሦስት ዓይነት ላባ እንፈልጋለን። ከአንገቱ ረጅምና ቀጭን የሆነውን፣ ከጭኑና ከሆዱ ሥር እንደ ጥጥ የለሰለሰውን፣ ከወገቡ ላይ ደግሞ እንደ አንገቱ ያለ ግን ለስለስ የሚለውን። ቀዩ፣ ገብስማው፣ ወሠራው ሁሉም ይሆናል። ነጩን ላባ በሻይ ቅጠል ውኃ ቀቅሎ ቡናማ፣ በእርድ ደግሞ ቢጫ ማድረግ ይቻላል።

መንጠቆው እጀታው ረዘም ያለ፣ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቢሆን ይመረጣል። ወደ ሥራ ከመግባታችን በፊት በጫፉ ላይ ያለችውን የኋሊት እሾህ በፒንሳ ጨፍልቀን እናስተኛታለን። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ሊታለፍ አይገባም፤ እሾሁ የተጨፈለቀ መንጠቆ ጣት ላይ ቢሰካ ያለ ሐኪም ይወጣል። ዓሣውም ቢሆን ትንሹን መመለስ ሲያስፈልግ ብዙ ሳይቆስል ይለቀቃል። መንጠቆውን አጥብቆ ለመያዝ ትንሽ ሞርሳ ካለ ጥሩ ነው። ከሌለም አፉ የጠበበ ፒንሳ መንጠቆውን ከነከሰ በኋላ እጀታውን በላስቲክ አጥብቆ አስሮ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ማጣበቅ ይቻላል። ጫፉ የሚታይ እንዲሆን ሳይሆን የታጠፈው ክፍል እንዲነከስ ማድረግ ይገባል።

ቀጭን ግን ጠንካራ የስፌት ክር ወስደን ከመንጠቆው ቀዳዳ ጀርባ እንጀምርና በራሱ ላይ እየተጫነ ወደ ኋላ እስከ ማጠፊያው ድረስ ጥቅጥቅ አድርገን እንጠመጥማለን። ክሩ መላላት የለበትም፤ የዚህ ሥራ ግማሹ ምስጢር የክሩ ውጥረት ነው። እጃችንን ማሳረፍ ስንፈልግ የልብስ መቆንጠጫ በክሩ ላይ ቆንጥጠን እናንጠለጥላለን፤ ክብደቱ ክሩን ወጥሮ ይይዝልናል። ስትሪመሩ እንዲሰጥም ከተፈለገ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ የተወሰደ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ከፊት በኩል ስምንት አሥር ዙር ይጠመጠማል። እርሳስ አንመክርም፤ መርዝ ነው። በእንግሊዝ የውኃ ወፎችን ስለሚገድል እ.ኤ.አ. በ1987 ብዙው የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ ታግዷል።

ከዚያ ጭራው ይመጣል። እንደ ጥጥ ከለሰለሰው ላባ ቆንጠር አድርገን በመንጠቆው ማጠፊያ ላይ እናስራለን፤ ርዝመቱ ከመንጠቆው እጀታ ጋር እኩል ይሁን። ከዚህ ከረዘመ ዓሣው ጭራውን ብቻ ነክሶ ይሄዳል። በዚያው ቦታ ላይ የሙካሽ ክር ቁራጭና ከአሮጌ ሹራብ የተተረተረ የሱፍ ክር እናስርና ሱፉን ብቻ ወደ ፊት እየጠመጠምን እንሄዳለን። ይህ ሆዱ ነው። ሱፉ ቀዳዳው ጋ ሊደርስ 4 ሚሊ ሜትር ሲቀረው እናስረውና እንቆርጣለን። ይህችን ክፍት ቦታ ጀማሪዎች ሁሉ ይበሏታል፤ ከዚያ ራሱን የሚያስሩበት ያጣሉ፣ ቀዳዳውም በክር ይደፈናል። ገና ከመጀመሪያው በእስክሪብቶ ምልክት ቢደረግባት አይከፋም።

ቀጥሎ ረጅሙን የአንገት ላባ ከራስጌው በኩል በወፍራም ጫፉ እናስርና ወደ ኋላ በሱፉ ላይ አምስት ስድስት ዙር ራቅ ራቅ አድርገን እንጠመጥመዋለን። ጭራው ጋ ሲደርስ የሙካሹን ክር በተቃራኒ አቅጣጫ እያሻገርን ወደ ፊት እናመጣዋለን፤ ሙካሹ ላባውን ጠፍሮ ይይዘዋል፣ እግረ መንገዱንም እንደ ቅርፊት ያብለጨልጫል። በመጨረሻም ክሩን ራሱ ላይ ሰብስበን አራት አምስት ጊዜ እየቋጠርን እናጠብቅና ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም ጠብታ እናሽገዋለን። በጥፍር ላይ ሲቀባ የውዱእን ውኃ እየከለከለ ስንት ጥያቄ ያስነሣው የጥፍር ቀለም እዚህ ላይ የሚመጥነውን ቦታ አግኝቷል።

ይህ እ.ኤ.አ. በ1967 ረስል ብሌሲንግ የተባለ የፔንሲልቫኒያ ሰው ከፈጠረውና ዉሊ ባገር ከሚባለው የታወቀ ዓይነት ጋር የሚቀራረብ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አናውቅም፤ ትንሽ ቢጣመምም ያጠምዳል። የካሪ ስቲቨንስ ዓይነት፣ ሁለት ተመሳሳይ ላባዎች ጎድጓዳ ጎናቸው ተያይቶ እንደ ክንፍ በሆዱ ላይ የሚተኙበት ግን የወራት ልምምድ ይጠይቃል። ለመታሰር የሚስማሙ ሁለት ላባዎች፣ አንዱ ከአንገቱ ግራ ሌላው ከቀኙ መመረጥ አለባቸው፤ አለበለዚያ ስትሪመሩ ውኃ ውስጥ ይሽከረከራል። ያለቀውን ሥራ በሳፋ ውኃ ውስጥ በክር እየጎተቱ መሞከር ለልጆች ትልቅ ደስታ ነው።

ፎቶግራፉ ለምን?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንምጣ። በደንብ የተነሣ ፎቶ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ ሠሪውን ያስተምረዋል። በዓይን ሲያዩት ያማረው ስትሪመር ፎቶው በስልክ ላይ ሲሰፋ የላላው ክር፣ የተጣመመው ክንፍ፣ የተረሳው ፀጉር ሁሉ ይወጣል። ሁለተኛ ገዢና ሻጭ በአካል በማይገናኙበት በዚህ ዘመን የገዢው ዓይን ፎቶው ነው።

ፎቶው ግን ሌላም በር ይከፍታል። በውጩ ዓለም ውኃ የማይነካ፣ ለመታየት ብቻ የሚሠራ ዝንብ አለ፤ በተለይ የድሮ የሳልሞን ዝንቦችን የሚኮርጁ ሰዎች ከብርቅ ወፎች ላባ እየሠሩ በፎቶ ይፎካከራሉ። ይህ ፉክክር የት እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2009 ታየ። በእንግሊዝ ትሪንግ ከተማ ባለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ በዝንብ ሥራው የተመሰገነ አንድ አሜሪካዊ የሙዚቃ ተማሪ ሌሊት መስኮት ሰብሮ ገባና 299 የወፍ ቆዳዎችን ሰረቀ። ከእነዚህ መካከል በ19ኛው ክፍለ ዘመን አልፍሬድ ራስል ዋላስ የሰበሰባቸው ይገኙ ነበር። ቆዳዎቹንና ላባዎቹን ለዝንብ ሠሪዎች ሸጠ። ፖሊስ ብዙዎቹን ቢያገኝም ገሚሶቹ የት፣ መቼና በማን እንደተሰበሰቡ የሚናገረው ካርድ ተቆርጦ ስለነበር ለሳይንስ የነበራቸው ጥቅም ጠፍቷል። የገዙት ሰዎችስ? ላባው ከየት እንደመጣ ስንቶቹ ጠይቀው ይሆን? ለይዩልኝ የሚሠራ ሥራ፣ ዑለማዎቻችን ሪያእ የሚሉት፣ በዒባዳ ውስጥ ብቻ የሚገባ የሚመስለን እንዳለን እንገምታለን።

ብርሃኑና ጥላው

ወደ ፎቶ አነሳሱ ስንገባ የኢብኑል ሀይሠምን ስም ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በ965 ገደማ በበስራ ተወልዶ በ1040 ገደማ በካይሮ ያረፈው ይህ ሙስሊም ሊቅ፣ ኪታብ አል-መናዚር በተባለው መጽሐፉ ዓይን የሚያየው ብርሃን ከዕቃው ተነሥቶ ወደ ዓይን ስለሚመጣ መሆኑን በሙከራ አስረዳ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ባለች ቀዳዳ ትይዩ በርካታ መብራቶች አስቀምጦ እያንዳንዱ መብራት በግድግዳው ላይ የራሱን የብርሃን ነጥብ እንደሚጥል፣ አንዱ ሲሸፈንም የእሱ ነጥብ ብቻ እንደሚጠፋ አሳየ። ይህን ሙከራ በቤታችን ጠረጴዛ ላይ እንጠቀምበታለን። በስትሪመሩ ላይ የማንፈልገው ጥላ ወይም ነጸብራቅ ባየን ጊዜ አንዱን መብራት በእጃችን እንሸፍናለን፤ ጥላው ከጠፋ ጥፋተኛው እሱ ነው።

ቀላሉና ከሁሉ የሚያምረው ብርሃን ግን የመስኮት ብርሃን ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት ይመረጥ፤ የምትገባ ከሆነ ነጠላ ወይም ነጭ ሻሽ ይዘርጋበት። ስትሪመሩ መስኮቱን በጎኑ አድርጎ ይቀመጣል። በሌላው ጎን ጥላው እንዳይከብድ ነጭ ወረቀት ማቆም ይበቃል። የክፍሉ አምፖል መጥፋት አለበት፤ የአምፖሉ ቢጫና የመስኮቱ ሰማያዊ ብርሃን ሲቀላቀሉ ነጩን ላባ የቆሸሸ ያስመስሉታል። የስልኩ ፍላሽማ በምንም ምክንያት አይነካ።

ከጀርባው ግራጫ ወይም ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ ካርቶን ወረቀት፣ የታችኛው ጫፉ ሳይታጠፍ በስሱ ጎበጥ ብሎ ወደ ፊት እንዲመጣ ተደርጎ ይቆማል፤ ከስትሪመሩ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። ብዙ ሰው ነጭ ጀርባ ይወዳል፤ ነገር ግን ስልኩ በነጩ ተታሎ ላባውን ያጠቁረዋል። ጥቁር ጀርባ ደግሞ ጥቁሩን ላባ ይውጠዋል። ስትሪመሩ በሞርሳው እንደተነከሰ ሊነሣ ይችላል፤ ወይም ወፍራም መርፌ በቡሽ ላይ ሰክቶ የመንጠቆውን ቀዳዳ በመርፌው ማጥለቅ ነው። ጎኑ ለስልኩ ሙሉ በሙሉ ትይዩ መሆን አለበት፤ ጭራው ወደ ኋላ ካዘመመ ራሱ ሲጠራ ጭራው ይደበዝዛል።

ስልኩ በእጅ ከተያዘ ይንቀጠቀጣል። በመጻሕፍት ቁልል ወይም በረከቦት ላይ ተደግፎ፣ ከተነካ ከ2 ሰከንድ በኋላ እንዲያነሣ ተደርጎ ይነሣ። በጣም አስጠግቶ ማንሣት ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው፤ ስልኩ ከተወሰነ ርቀት በታች ማጥራት አይችልምና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ ማንሣት፣ ከዚያም የተረፈውን ጠርዝ መቁረጥ ይሻላል። በመስታወቱ ላይ የስትሪመሩን ራስ በጣት ጫን ብሎ መያዝ ትኩረቱን እዚያው ይቆልፈዋል። ሙካሹ ካንጸባረቀ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ነው። ካሜራ ያላቸው አንባቢያን የብርሃን መግቢያውን ወደ 11 ገደማ አጥብበው፣ ፍጥነቱን ዝግ ቢያደርጉ ከራስ እስከ ጭራ ይጠራላቸዋል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይለያል። ስትሪመር ደርቆ ሲታይና ርሶ ሲታይ ሁለት የተለያየ ፍጡር ነው። ለስላሳው ጭራ ደረቅ ሳለ እንደ ጥጥ ያብጣል፣ ሲርስ እንደ ክር ይቀጥናል። ደረቁን ብቻ አንሥቶ የሚያሳይ ሻጭ አልዋሸም፤ እውነቱን ግን አልተናገረም። ንጹሕ ብርጭቆ ውስጥ ቀድሞ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ (አረፋ እንዳይበዛው) ሞልቶ፣ ስትሪመሩን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ ሁለተኛ ፎቶ ማንሣት ይገባል። ዓሣው የሚያየው ይህንኑ ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ በእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ማግኘታቸውን፣ ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸውም ሰዎች እንዲያዩት ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው አጭበርባሪን ማውገዛቸውን አቡ ሁረይራ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ዘግበዋል፤ ሐዲሡ በሶሒሕ ሙስሊም ይገኛል። ፎቶ አንሥቶ የሚሸጥ ሰው ይህ ክምር በእጁ ነው። የተሻለውን ጎን ብቻ ማሳየት፣ ቀለሙን በስልክ ማድመቅ፣ ምርጡን አንድ ስትሪመር አንሥቶ ሌላ አሥር መላክ እርጥቡን ከሥር ማድረግ ነው። በሐነፊይ መዝሀብ ሳያይ የገዛ ሰው ዕቃውን ሲያየው የመመለስ መብት አለው፤ ኺያር አር-ሩእያ ይባላል። ሻጩ ይህን ከመጀመሪያው በጽሑፍ ቢያሳውቅ ክርክር ይቀንሳል።

በፎቶው ውስጥ ከስትሪመሩ ሥር ማስመሪያ ቢቀመጥ መጠኑ ይታወቃል። ከፎቶው ጋር ካርድ ይዘጋጅ፤ በካርዱም ላይ ላባው የምን እንደሆነና በማን እንደታረደ፣ ሱፉ ከየት እንደመጣ፣ የመንጠቆው ርዝመት፣ እሾሁ መጨፍለቁ፣ መዳብ ይኑረው አይኑረው፣ የሠሪውም ስም ይጻፍ። ስትሪመሩን በቡሽ ወይም በስፖንጅ ላይ ሰክቶ መላክ ነው፤ ጫፉ ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ እንዳይሆን። ፎቶ ሲነሣ የረሰው ደግሞ ሙሉ ቀን በአየር ላይ ሳይቆይ ወደ ሣጥን ከገባ መንጠቆው በሳምንት ውስጥ ይዝጋል፣ ዝገቱም አጠገቡ ያሉትን ነጫጭ ላባዎች ያቀልማል።